ሪፖርቱ ላይ ያልጻፍኩት ቃል

የመጀመሪያ ቀን ሥራዬ ባንዲራ መያዝ ነበር። ከቁስቋም ዝቅ ብሎ ባለው ሜዳ፣ በሰፈር ቡድኖች ውድድር፣ የመስመር ዳኛ ሆንኩ። ሜዳው ተዳፋት ነው፤ ኳስ ከወጣች ወንዝ ካልደረሰች አትቆምም። ከጨዋታው ይልቅ ኳስ ጥበቃው ነው ያደከመኝ።

የዳኞች አለቃችን ጋሽ በላቸው ይባላሉ። ያን ቀን ካልሲዬ እኩል መሳቡን አዩ፣ ጫማዬን አዩ፣ ከጨዋታው በኋላ ደግሞ ሪፖርት አጻጻፍ አስተማሩኝ። "ስድብ እንደወረደ አይጻፍም፤ ነውር ነው፣ መዝገብ ያቆሽሻል። 'ተገቢ ያልሆነ ቃል' በልና እለፍ" አሉኝ። ጨዋ ሰው ናቸው። እኔም ጨዋ ለመባል ስል ዓመታት ሙሉ እንደዚያው ጻፍኩ።

ዋና ዳኛ ከሆንኩ በኋላ ስድብ ቀለቤ ሆነ። "ሌባ!" "ዓይንህን ታከም!" ይሄ ለዳኛ የተፈቀደ ነው፣ ለምጄዋለሁ። "ቁጢት በጣሽ" ያለኝም አለ። የሽሮ ሜዳ ሸማኔ ልጅ ነኛ! ሰምቶ እንዳልሰማ መሆንን ከአባቴ ነው የወረስኩት። ያኔ ትዕግሥት ይመስለኝ ነበር።

ኦኬሎ የአንዱ ቡድን ተከላካይ ነው፣ አምስት ቁጥር ለባሽ። ከጋምቤላ መጥቶ እኛ ሰፈር ጎሚስታ ቤት ይሠራል። ረጅም፣ ዝምተኛ፣ ሸርተቴ ሲወርድ ኳሷን ብቻ የሚነካ ልጅ። አንድ ክለብ ለሙከራ እንደጠራው ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ክለቡ የጠየቀው አንድ ነገር ነው፦ ቅጣት እንደሌለበት የሚገልጽ ወረቀት ከውድድሩ ኮሚቴ።

ግማሽ ፍጻሜውን የዳኘሁት እኔ ነኝ። የተጋጣሚው ደጋፊዎች ከጎሉ ጀርባ ቆመዋል። ሃያ ደቂቃ ገደማ ላይ፣ ኦኬሎ ኳስ ሲነካ "ባሪያ!" የሚል ድምፅ ሰማሁ። አንድ ሰው ነው። አልሰማሁም ብዬ ሮጥኩ። ቀጥሎ አምስት ስድስት ሆኑ። ከዚያ በጭብጨባ አደረጉት።

ኳስ ወጥታ እስክትመለስ ኦኬሎ ወደ እኔ መጣ።

"ጋሼ፣ ሰሙ አይደል?"

"ተዋቸው ባክህ። ጎል አግባና አፋቸውን አስይዛቸው።"

"እኔ እኮ ተከላካይ ነኝ ጋሼ" አለኝና ወደ ቦታው ተመለሰ።

ከረፍት በኋላ ባሰ። ጨዋታ አቁሜ በሞንታርቦው እንዲነገራቸው አዘዝኩ። ለፋፊው "ውድ ደጋፊዎቻችን፣ በጨዋነት እንደግፍ" አለ። ሳቁበት። የትኛውን ቃል እንዲያቆሙ ማን ነገራቸውና! ደንቡ ከተደገመ ሁለቱንም ቡድን ከሜዳ አስወጣ ይላል። አውቀዋለሁ። ሕዝቡን አየሁና ግን ፈራሁ። ወዲያው ተደገመ፤ እኔም ፊሽካውን አፌ ውስጥ ይዤ ቀረሁ። ኦኬሎ ማሊያውን አውልቆ ወደ ውጭ መራመድ ጀመረ።

ጓደኞቹ ተንጠለጠሉበት። "በናትህ ኦኬሎ፣ ለዋንጫ እኮ ነው! ለእኛ ስትል ቻለው!" አብረን እንውጣ ያለ አንድም ሰው የለም። ያለ ዳኛ ፈቃድ ሜዳ መልቀቅ ቢጫ ነው። እጄ ቢጫውን አወጣ። ዞሮም አላየው።

ሪፖርቴ ላይ "ከደጋፊዎች ተገቢ ያልሆነ ቃል ተሰንዝሯል፤ አምስት ቁጥር ሜዳ ጥሎ ወጥቷል" ብዬ ጻፍኩ። ኮሚቴው "ተገቢ ያልሆነ ቃል የሌለበት ጨዋታ የት አለ?" ብሎ ደጋፊዎቹን አለፋቸው። ኦኬሎን ለአንድ ዓመት አገደው። ለሙከራው የቀረው ስምንት ቀን ነበር።

ጎሚስታ ቤት ሄድኩ። ጎማ ከቸርኬው እያላቀቀ ነበር።

"ሰምተዋል አይደል?" አለኝ ቀና ብሎ።

"ሰምቻለሁ።"

"ታዲያ ለምን አልጻፉትም?"

ነውር ነው ልበለው?

ጋሽ በላቸው ነገሩን በሽምግልና ሊጨርሱት ፈልገው ነበር። "ሰፈር ነን፣ በለቅሶ በሰርግ እንገናኛለን። አንዱ ደጋፊ ግንባሩን ይሳመውና ይለቅ።"

"እገዳውስ?"

"እሱ ሌላ ነው።"

"እንግዲያው ተጨማሪ ሪፖርት እጽፋለሁ።"

"አብደሃል? በሃያኛው ደቂቃ ሰምተህ ዝም ማለትህንም ልትጽፍ ነው? ፊሽካህን ይወስዱታል!"

"ይውሰዱታ!" አልኳቸው።

ቃሉን እንደወረደ ጻፍኩት። ስንት ጊዜ እንደሰማሁ፣ ከየት በኩል እንደመጣ፣ እኔ ምን ሳላደርግ እንደቀረሁ። የኮሚቴው ስብሰባ አንዴ ተላለፈ፣ ደገመና ተላለፈ፤ ቀን ስቆጥር ምግብ አልበላ አለኝ። በስተመጨረሻ ሲሰበሰቡ ጸሐፊው ጮክ ብሎ እያነበበ ቃሉ ላይ ደርሶ ቆመ። "ያንብቡት እንጂ" አልኩ። አነበበው። ማንም ቀና አላለም።

የኦኬሎ እገዳ ተነሳ። የተሳዳቢዎቹ ቡድን ቀጣይ ጨዋታ ያለ ደጋፊ እንዲካሄድ ተወሰነ። እኔም ለአንድ ውድድር ታገድኩ፤ ይገባኛል። ሙከራው ግን ካለፈ ሁለት ቀን ሆኖት ነበር።

ወረቀቱን ራሴ ወሰድኩለት። እጁ ግሪስ ስለነበር አንጓውን ዘረጋልኝ፤ ጨበጥኩት። ወረቀቱን አስይዞኝ ቆሞ አነበበው፣ እስከ ማኅተሙ ድረስ።

"ቀኑ እኮ አለፈ ጋሼ" አለኝ።

"አውቃለሁ" አልኩት።

ለአዲስ ዳኞች ይሄን እላለሁ። የመጀመሪያውን ስትሰሙ ጨዋታውን አቁሙ፤ የተባለውን እንደተባለ ጻፉ። ተሰዳቢው መጥቶ ሰምታችኋል ወይ ብሎ ከጠየቃችሁ ዘግይታችኋል።