የኔን አንቺ ያዢ፣ ያንቺን እኔ

ትናንት ከጤና ጣቢያው ደጃፍ ተቀምጬ ሳለሁ ክትባት ሰጪው ከሰማያዊ ሣጥኑ ጠፍጣፋ የበረዶ ፕላስቲክ አወጣና አግዳሚው ላይ፣ ከጎኔ አስቀመጣት። መሟሟት ጀምራ ነበርና በሌላ ሊተካት ነው። እጄን ሰደድኩ። ሠላሳ ዓመት ሊሞላኝ ምን ቀረኝ፣ ልጅ ታቅፌያለሁ፣ ሰው ያየኛል፤ ቢሆንም ነካኋት። አላስችል ብሎኝ ደግሞ ጉንጬን አስጠጋሁባት። አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት ዘወር ብላ አየችኝ። ትየኝ! የሱዳንን፣ የገዳሪፍን ሙቀት የማያውቅ ነው በዚህ የሚስቅብኝ።

ምን ልበልሽ፣ ያቺ ብርድ ጉንጬን ስትነካው አንስታ እናቴ ግቢ ጣለችኝ።

ያኔ ዐሥር ዓመት ቢሆነኝ ነው። ቤታችን ከትልልቆቹ የእህል ጎተራዎች ማዶ ነበር። በበጋ ነፋሱ የሰሊጥ መጭመቂያውን ሽታ ቤት ለቤት ያዞረዋል፤ ክረምት ሲገባ ደግሞ ጥቁሩ አፈር ጫማችንን ከእግራችን ላይ ነጥቆ ያስቀረዋል። በእኛና በጎረቤታችን መካከል የነበረው የጭቃ አጥር አንድ ክረምት ተናደ። እናቴ «ሲጠፍፍ እንሠራዋለን» አለች፣ ጎረቤታችን «ኢንሻአላህ» አለች፣ በቃ። ሁለቱም የመሥራት ሐሳብ አልነበራቸውም። አጥሩ በነበረበት ቦታ ራኩባ አቆሙበት፣ የሣር ጥላ። ፀሐይዋ በሣሩ መሐል እየሾለከች ከሥሩ ያለውን ሁሉ ዝንጉርጉር ታደርገው ነበር።

እናቴ ከጎንደር አገር በእግሯ የመጣች ክርስቲያን ናት። ጎረቤታችን የመተማ ሙስሊም ናት፣ ባሏ መንገዱ ጥግ ላይ ትንሽ ሱቅ ነበረው። እናቴ ወንድሜን በወለደች ሰሞን እሷም ሴት ልጅ ወለደች። ወዲያው ወባ ጣላትና ጡቷ ደረቀ። ማንም ሳይጠይቃት እናቴ ተነሥታ ሄደች፤ ሕፃኗን አቅፋ ተመለሰች። ከዚያ ቀን ጀምሮ አንዱን በቀኝ፣ አንዷን በግራ አድርጋ ታጠባ ነበር። ጎረቤታችን ከአልጋ ስትነሣ ራኩባው ሥር መጥታ አየቻቸውና፣ «ወላሂ፣ ልጄ ገና በጨቅላነቷ አንድ ባል ጎደለባት» አለች። የጡት ወንድምና እህት አይጋቡማ። እናቴ ምን ትመልስ መሰለሽ? «የኔው ነው እንጂ ሚስት ያጣው! የት አገኛለሁ እንዲህ ያለች ወፍራም ምራት?» ተሣሣቁ። ሣቃቸው እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ።

ልጆቹ ዘጠኝ ወር ሞልቷቸው የኩፍኝ መርፌ ሲደርስ መድኃኒቱ ጠፋ። አንዴ መንገዱ ተቆረጠ ይሉናል፣ አንዴ መብራት ጠፍቶ ማቀዝቀዣው ውስጥ የነበረው ተበላሸ ይሉናል። እናቶች በዚያ ጭቃ ልጅ አዝለው ይሄዳሉ፣ «ቡክራ» ይባላሉ፣ ነገ ማለት ነው፣ ይመለሳሉ። ነገም ቡክራ፣ ከነገ ወዲያም ቡክራ። በዚህ መሐል ኩፍኝ እርሻዎቹ ጋ ገባ የሚል ወሬ መጣ። ከእርሻ የሚመለሱት ሰዎች ልጅ ስለቀበሩ ቤቶች ዝቅ ባለ ድምፅ ያወሩ ነበር።

ሁሉም እናት ስትጨነቅ የኔ እናት ብቻ መድኃኒቱ በመጥፋቱ ደስ ያላት ትመስል ነበር። ከእኔ ቀጥላ የተወለደች እህት ነበረችኝ። ድንበሩን እንደተሻገርን እናቴ አቅፋ አስከትባት፣ ሳምንት ሳይሞላት በትኩሳት ሞተች። ያን ክረምት በዚያ ቆላ ስንቱ በወባ እንዳለቀ ሁሉም ያውቃል። እናቴ ግን የምታውቀው መርፌውን ነበር። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይሉ የለ? ወንድሜን ያለ አንድ መርፌ ነበር ያሳደገችው።

አንድ ቀን ጠዋት የጤና ጣቢያው ነርስ ሰማያዊ ሣጥኗን አንጠልጥላ፣ የተከናነበችው ቶብ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ሆኖ መጣች። ሱዳናዊት ናት፤ ከሰፈራችን ሴቶች ጋር ኖራ ኖራ አማርኛውን እንደ አቅሟ ትሰብረዋለች፤ ሴቱንም ወንዱንም «አንተ» ነበር የምትለው። የሰፈሩ ሰፊ ጥላ የእኛ ስለሆነ እዚያው ተቀመጠች። መሟሟት የጀመረችውን በረዶ ለእኛ ለልጆቹ ሰጠችን፤ ስንቀባበል፣ አንገታችን ላይ ስናደርግ፣ ስንጯጯህ! እናቶችም ልጆቻቸውን ይዘው ተሰበሰቡ።

ያመጣችው አንዲት ጠርሙስ ብቻ ነበር። ውስጧ ያለው ዱቄት አንዴ በውሃ ከተበጠበጠ ለብዙ ልጅ ነው፣ ለነገ ግን አያድርም፤ የተረፈው ይደፋል። ሌላ መቼ እንደሚመጣ ስለማይታወቅ ቁጥሩ ሳይሞላ እንዳትከፍት ታዛለች። ልጆቹን ቆጠረች። ሁለት ጎደሉ። የጎደሉት እነማን መሰሉሽ? የጥላው ባለቤቶች ናቸው፣ ወንድሜና የጡት እህቱ!

ሴቶቹ ሁሉ ዞረው እናቴን አዩ። እሷ ወንድሜን በነጠላዋ ጠቅልላ ከቤታችን ደጃፍ ቆማለች።

«እኔ ልጄን አላስነካም» አለች። «ስንት ወር ጠፍቶ የከረመ ነገር፣ መብራት ሲጠፋ ሲመጣ፣ በዚህ ፀሐይ ሲዞር... ተበላሽቶ እንደሆነስ? ደግሞ ለራስ ምታት ክኒን ዋጋ የሚጠይቁን ሰዎች ይሄን ለምን በነጻ ይሰጡናል?»

በልቤ ነርሷ ትቆጣለች ብዬ ነበር። አልተቆጣችም። ተነሥታ ሄደችና ጠርሙሷን አሳየቻት። «ይሄን ምልክት እይ። መሐሉ ነጭ ነው። ሙቀት ሲበዛበት ይጠቁራል። ጥቁር ከሆነ እኔም ለልጄ አልሰጥም። ነጻ የሆነው፣ ያንተ ልጅ ሲታመም የጎረቤት ልጅ ስለሚታመም ነው።» እናቴ ምልክቷን ትክ ብላ አየቻት። ከዚያ በቀስታ፣ «የበፊቷስ ልጄ?» አለቻት።

ነርሷ «እኔ እዚያ አልነበርኩም» አለች። «ምን እንደገደላት አላውቅም፤ ወባ ይመስለኛል፣ ግን አልዋሽህም፣ አላውቅም። ይሄኛውን አውቃለሁ። ከሳምንት በኋላ ትኩሳት ሊመጣ ይችላል፣ ሽፍታም። ይሄዳል። ኩፍኝ ግን ልጅ ይዞ ይሄዳል።»

እናቴ ራሷን ነቀነቀች፤ እምቢ ነው። ነርሷ ሣጥኑን ለመዝጋት እጇን ሰደደች። ከእናቶቹ አንዷ ማልቀስ ጀመረች። ሌሎቹ በጎረቤታችን ላይ አጉረመረሙ፤ «አንቺ እንኳ ያንቺን አምጪ እንጂ፣ በአንድ ቢጎድል ትከፍትልን ይሆናል» ይሏታል።

ጎረቤታችን መርፌውን አጥብቃ የምትፈልግ ሴት ነበረች። በየሳምንቱ ጤና ጣቢያ እየሄደች «ቡክራ» ስትባል የከረመች እሷ ናት። ያን ዕለት ግን ልጇን ታቅፋ ከእናቴ አጠገብ ሄዳ ቆመች።

«ወንድሟ ሳይከተብ እሷ አትከተብም» አለች።

እናቴ ደነገጠች። «አብደሻል? ኩፍኝ ደጃፍ ደርሶ!»

«ያሳደጋት ያንቺ ወተት ነው። አንቺ ለአንዱ ከፈራሽ ለሁለቱም መፍራትሽ ነው። እኔ ከደፈርኩ ለሁለቱም ነው የምደፍረው። ነጥዬ አልችልም፣ እቴ።»

ወይ እናቴ! ፊቷን ብታይው! ለራሷ ልጅ የቆረጠችውን ለሰው ልጅ መቁረጥ አቃታት። ሕፃኗ ደግሞ ምንም አታውቅም፣ እናቴን ስታይ ጡት ልትጠባ እጇን ትዘረጋለች። እናቴ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ።

«እሺ ይሁን» አለች በመጨረሻ። «ይሁን፣ ግን እኔ አልይዘውም። ያችኛዋን የያዝኳት በዚህ እጄ ነው። እጄ አይቀናም።»

ጎረቤታችን ጊዜ አልሰጠቻትም። «እንግዲያው የኔን አንቺ ያዢ፣ ያንቺን እኔ።»

«በዚህ እጄ? ያንቺን ልጅ?»

«በዚህ እጅሽ አይደል እንዴ ያኖርሽልኝ?»

ልጆቹን ተለዋወጡ። ነርሷ ጠርሙሷን ከፈተች፣ ሰፈሩ ሁሉ እፎይ አለ። ወንድሜ መርፌው ሲነካው ጩኸቱን አቀለጠው። ጎረቤታችን ክንዱን እያሻሸች፣ «ቢስሚላህ፣ ቢስሚላህ፣ እናትህ ይዛህ ምን ያስለቅስሃል?» አለችው። እናቴ ደግሞ ዓይኗን ጨፍና፣ የጎረቤቷን ልጅ ደረቷ ላይ አጣብቃ «ማርያም፣ ማርያም» ትላለች። ክርስቲያኑ በቢስሚላህ፣ ሙስሊሟ በማርያም ተከተቡ። እኔ በረዶዋን አምጥቼ ተራ በተራ ጉንጫቸው ላይ አስነካኋቸው። ሁለቱም ደንግጠው ዝም አሉ፤ ሴቶቹም ሣቁ።

ነርሷ እንዳለችው ከሳምንት በኋላ ወንድሜ አተኮሰው። እናቴ ፈራች፤ ግን ያ ትኩሳት አስቀድሞ የተነገራት ነበር። ነርሷም በዚያ ጭቃ መጥታ አየችው፣ «አይዞህ እናት» አለቻት። ትኩሳቱም ለቀቀው። ኩፍኙ ከተማ ሲገባ በእኛ ጥላ ሥር የተቀመጡትን ልጆች አልነካብን። ከዚያ ወዲያ ሣጥኑ በመጣ ቁጥር ሰፈሩን እየዞረች ልጅ የምትሰበስብ ማን ሆነች? እናቴ! ያቅማማችውን ሴት ክንዷን ይዛ፣ «መያዝ ከፈራሽ እኔ እይዝልሻለሁ» ትላት ነበር። በእኛ ራኩባ ሥር እናት የራሷን ልጅ ለመርፌ መያዝ ቀረ። ትለዋወጣለች።

የመጀመሪያ ልጄን የያዘችልኝ እናቴ ናት። አሁን የለችም። ይሄን የሱዳኑን ጦርነት ሳታይ ሄደች፣ እንኳን አላየች እላለሁ፣ መልሼ ደግሞ ምነው በኖረችልኝ እላለሁ። ጎረቤታችን ወደ መተማ ተመለሰች፤ ስልኳ አይነሣም። ወንድሜ ቁመቱ በር ጎንበስ የሚያሰኝ ጎረምሳ ሆኖ ፋው በሚባለው አገር እርሻ ላይ ይሠራል። ራኩባውም ፈርሷል፣ እኔም ከዚያ ሰፈር ከወጣሁ ቆየሁ።

ትናንት እንግዲህ ያቺ በረዶዋን ስነካ ያየችኝ ሴት፣ ከካርቱም ተፈናቅላ የመጣች ናት። ልጇን እንደ ዕቃ አጥብቃ ይዛዋለች። መድኃኒቱ ዳግመኛ ጠፍቶ ከርሞ፣ ጦርነቱ መንገዱን ዘግቶት፣ ገና መምጣቱ ነው። «ኻይፋ» አለችኝ፤ ፈርቻለሁ ማለቷ ነው። በጦርነት የመጣ መድኃኒት የተበላሸ ነው ብለዋታል። ክትባት ሰጪውን ለምኜ የጠርሙሷን ምልክት አሳየኋት። መሐሉ ነጭ ነበር። አየችው፣ እሺ አለች፣ ግን ልጇን ይበልጥ አጥብቃ ያዘችው። እውነቱን ልንገርሽ? እኔም የኔዋን አጥብቄ ይዤ ነበር። ልጄን ለመርፌ የሚይዝልኝ ሰው አልነበረኝም።

«አምጪው» አልኳት በዐረቢኛ። «ያንቺን እኔ ልያዝ፣ የኔን አንቺ ያዢ።»

ለአፍታ አፍጥጣ አየችኝ። ከዚያ ሰጠችኝ። የሷ ወንድ ልጅ ደረቴ ላይ ወተት ወተት ሸተተኝ፤ ሳላስበው «ማርያም፣ ማርያም» እያልኩ ያዝኩት። የኔዋ ወዲያ ጋ ስትጮህ ሰማሁ፣ ልቤ ተነሥታ ልትሄድ ነበር። ሴትዮዋ ጎንበስ ብላ በጆሮዋ፣ «ኡሚክ መዓኪ» ስትላት ሰማኋት። እናትሽ አብራሽ ናት ማለት ነው።

እዚያ ሁሉ ሰው መሐል እንባዬ ወረደ። ልጄን መልሼ ስቀበላት ዝም ብላለች፣ ጉንጯም ቀዝቃዛ ነበር። ለካ በረዶዋን አስነክታታለች።