የአባቴን እጅ መሐላ አልያዘውም

ከዋጃ እስከ ሮቢት ባለው አገር ስለ ፕሮቲን ከእኔ በላይ የሚያውቅ ሰው አልተፈጠረም። ቆቦ ላይ ባዮሎጂ ሳስተምር ሃያ ዓመት አልፎኛል፤ ጠመኔ ብቻ አንድ አይሱዙ ሙሉ ጨርሻለሁ። ሐኪሙ የአባቴን እጅ የሚያንቀጠቅጠው ፓርኪንሰን የሚባል በሽታ እንደሆነ፣ አንጎሉ ውስጥም የተከማቸ ፕሮቲን እንዳለበት ሲነግረኝ ግን፣ «እንዴ ዶክተር! ሥጋ እኮ የሚበላው ለዓመት በዓል ብቻ ነው» አልኩት። ሐኪሙ ሳቁን ለመደበቅ ወረቀቱ ላይ አቀረቀረ።

ወደዚያ ያስኬደን የእጁ መንቀጥቀጥ ብቻ አልነበረም። አባቴ ሽማግሌ ነው፤ የተጣላ ያስታርቃል። ነገሩ ሲያልቅ ለምለም ሣር ነጭቶ ሁለቱን ወገን ያስይዛል፤ ያን ሣር የያዘ ወደ ጠቡ አይመለስም። አንድ ቀን ሣሩን ሲዘረጋ እጁ ተርገፈገፈ። ከተጣሉት አንዱ፣ ግመል ነጋዴው፣ የራሱን እጅ ሰበሰበ።

«ከዚህ እጅ አልቀበልም። እኚህ ሰው ድሮ በእርሻ ወሰን በሐሰት የማሉት መሐላ ይዟቸዋል።»

ሽማግሌዎቹ መሬት መሬት አዩ። «እስቲ ለጊዜው እረፍ» አሉት። በእኛ አገር ሽማግሌን እረፍ ማለት በቁሙ መገነዝ ነው። ዕርቁም እንደተንጠለጠለ ቀረ።

ከሐኪሙ ስንመለስ ሚኒባስ ውስጥ ስልኬን አውጥቼ አነበብኩ። ዓይኔ ሊፈርጥ እስኪደርስ አነበብኩ። በሚቀጥለው የሽምግልና ቀን አባቴን በባጃጅ ይዤ ሽማግሌዎቹ የሚሰበሰቡበት ዛፍ ሥር ደረስኩ።

«መምህር፣ ደግሞ ማን ከሰሰህ?» አሉ አንጋፋው ሽማግሌ።

«ከሳሹ እኔ ነኝ። ፕሮቲን ከስሼ መጣሁ።»

«እሱ ደግሞ የማን ልጅ ነው?»

«እዚሁ አባቴ አንጎል ውስጥ ያደገ ነው። በደህናው ጊዜ ሥራውን የሚሠራ ጨዋ ነበር። ኋላ ቅርጹን ሳተና እርስ በርሱ እየተጣበቀ ተቋጠረ። አንጎል ደግሞ ጠባቂ ሕዋሳት አሉት፤ ማሽላ ሲያሽት ማማ ላይ እንደምናወጣቸው ሰዎች በሏቸው። ቋጠሮውን ሲያዩ ግሪሳ መጣ ብለው ይወነጭፋሉ። ደግ አደረጉ። ቋጠሮው ግን እንደ ግሪሳ ተነሥቶ አይበርም፤ እነሱም መወንጨፉን አይተዉም። ድንጋዩ የሚያርፈው ማሽላው ላይ ነው! ሐኪሞቹ ብግነት የሚሉት ይህን ነው። እጅን የሚያዝዙት ሕዋሳት እንደዚያ ማሽላ ረገፉ። እዚህ ውስጥ መሐላ የታለ?»

ነጋዴው ጢሙን እያሻሸ፣ «ታዲያ ጥፋቱ የማን ነው? የቋጠሮው ነው የጠባቂው?» አለ።

«እሱን... ምሁራኑም ገና አልጨረሱትም። ማን እንደጀመረው ይከራከራሉ።»

«አምጣቸዋ!» አሉ አንጋፋው። «እናስታርቃቸው።»

ሳቁ ከዛፉ ላይ ያስነሣው ወፍ እስከ አፋር ሳያርፍ የበረረ ይመስለኛል። ነጋዴው ብቻ አልሳቀም።

«ተረት ነው። እጃቸው እንደሆነ ያው ይንቀጠቀጣል።»

ያን ጊዜ አባቴ ተነሣ። ማንም ሳይጠራው መሐል ገብቶ ሣር ነጨና ዘረጋው። ሣሩ እጁ ላይ ይርገበገባል።

«ይንቀጠቀጣል» አለ። «ነገም ይንቀጠቀጣል። መድኃኒቱ ያበርደዋል እንጂ አይነቅለውም ብለውኛል። እስኪተወኝ ድረስ ቤቴ የምቀመጥ ከመሰላችሁ አልቀመጥም። ነፋስም ሣር ያንቀጠቅጣል፤ ነፋስን ማን አስማለው?»

ቀድሞ የተነሣው የነጋዴው ባላጋራ ነው፤ መጥቶ የሣሩን አንድ ጫፍ ያዘ። ሁሉም ዞሮ ነጋዴውን አየው። እሱም ፊቱን ከዛፉ ወዲያ ወደታሰሩት ግመሎቹ አዙሮ ሌላውን ጫፍ ያዘ። አባቴ መረቃቸው። ምርቃቱን አስረዘመው፤ ሆን ብሎ ነው፤ እጁን እስኪጠግቡ እንዲያዩት።

ስንመለስ ባጃጅ ውስጥ አባቴ ጠጋ አለኝና፣ «አንተስ? ተጠራጥረኸኝ ነበር?» አለኝ።

ለሞት እንኳ ቀልድ የማላጣ ሰውዬ ቀልድ አጣሁ።

ተጠራጥሬው ነበር። እጁ መንቀጥቀጥ በጀመረ ሰሞን፣ ነጋዴው ገና ቃል ሳይተነፍስ፣ ለብቻዬ የአባቴ ማሳ ድረስ ሄጄ ወሰኑን በእርምጃ ለክቻለሁ። ልክ እንደማለው ነበር። አላመንኩም፤ በማግስቱ ተመልሼ በገመድ ለካሁት። ሐኪም ቤት ልውሰደው ብዬ ያሰብኩት ከዚያ ስንት ወር በኋላ ነው።