አመድ ያልነካው አንገት

አሰልጣኝ ሀብትነሽ ወደ ልምምድ ስትመጣ በአንድ እጇ አሎሎ፣ በሌላው የድልህ ጣሳ ይዛ ነው። ጣሳው ውስጥ ድልህ የለም፤ ከምድጃዋ ነፍታ ያመጣችው አመድ ነው። ፍኖተ ሰላም ላይ ስፖርት ማስተማር ከጀመረች አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው፤ በወጣትነቷ እሷም አሎሎ ተወዳዳሪ ነበረች። እኔ የሒሳብ አስተማሪ ነኝ። ሜዳ የምገኘው ሜትር እንድይዝላት ለምናኝ ነው ብል ውሸት ይሆንብኛል፤ አልለመነችኝም፣ አዘዘችኝ።

ለማያውቅ ሰው ልንገር። ስሙ አሎሎ ውርወራ ይባል እንጂ አሎሎ አይወረወርም፤ ይገፋል። ብረቱ አንገት ሥር ተለጥፎ ይቆይና ክንድ ወደ ፊት ይገፋዋል። እጅ ከትከሻ ኋላ ከሄደ ዳኛው ቀይ ባንዲራ ያነሣል፤ ያን ጊዜ ብረቱ ዱርቤቴ ድረስ ቢሄድም አይለካም። የእኛ አገር ሰው ደግሞ ማማ ላይ ቆሞ ከበቆሎ ማሳ ዝንጀሮ ሲያባርር ያደገ ነው። ክንዱ የሚያውቀው ድንጋይ ነው። አሎሎ ስትሰጠው ወደ ኋላ ስቦ ይወረውርልሃል።

አመዱ ለዚህ ነው። ሀብትነሽ ብረቱን አመድ ታስነካዋለች፤ ልጁ ገፍቶ ሲጨርስ «አንገትህን አሳየኝ» ትለዋለች። አንገቱ ላይ የአመድ ምልክት ካለ በትክክል ይዞታል ማለት ነው። ከሌለ ወደ እኔ ታያለች፣ እኔም ሜትሩን አልዘረጋም። ስንቱ ልጅ በዚህ ተቀይሞኛል፤ እኔ ምን አደረግሁ?

አመድ አልነካ ያለ አንድ ሰው ነበር፤ እንዳለው ይባላል። የማንኩሳ ልጅ ነው፤ ሃያ አራት ዓመቱ ነው፤ እህል መጋዘን ውስጥ ኩንታል ይሸከማል። ብረቱን ከአንገቱ አንድ ስንዝር አርቆ በአየር ላይ ይይዝና ይወረውረዋል። በርቀት የሚደርስበት የለም። አምና ቡሬ በተደረገው ውድድር ሦስቴ ወረወረ፣ ሦስቴም ቀይ ተነሣበት። ሕዝቡ አጨብጭቦለት፣ መዝገቡ ላይ ባዶ ሆኖ ተመለሰ። ዘንድሮም ውድድሩ ቡሬ ነው። ከተማችን በወንዶች አሎሎ አንድ ሰው ታሰልፋለች፤ አንደኛና ሁለተኛ የወጡ ባሕር ዳር ይሄዳሉ። የዕድሜ ገደቡ ሃያ አራት ስለሆነ ለእንዳለው ይኼ የመጨረሻው ነበር።

«ካልታረመ አላሰልፈውም» አለችኝ ሀብትነሽ። «አንጀቴ ይቃጠላል። ግን ሦስት ቀይ ባንዲራ ቆሜ አላይም።»

እሱ አልታረም ይበል እንጂ ሌላውን ለማረም ማንም አይቀድመውም ነበር። ለሯጩ ምክር አለው፣ ለዘላዩ ምክር አለው። ብሶ የመጣው ግን በውዳሴ ላይ ነው። ውዳሴ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ናት፤ ስድስት ሳምንት ሙሉ ንጹሕ አድርጋ ስትገፋ ቆይታ አንድ ማክሰኞ ብረቱን እንደ ድንጋይ ወረወረችው።

«ይኼን ማነው ያስተማረሽ?» አለቻት ሀብትነሽ።

ውዳሴ መሬት መሬት አየች። «እንዳለው ነው። ‹ከአንገትሽ አርቂው› አለኝ።»

«ሲርቅላት አላዩም?» አለ እንዳለው። «እርስዎ ሁልጊዜ አንገት አንገት ይላሉ። ብረቱን የሚያስኬደው ክንድ ነው።»

«ኧረግ! እውነቱን ነው እኮ!» አሉ አያ ላቀው፣ የሜዳው ዘበኛ፣ ከተቀመጡበት ድንጋይ ሳይነሡ። «እንዲያውም እንደ ወንጭፍ ሁለቴ ብታሽከረክረው…» እኔም አፌን አላርፍ ብሎኝ ስለ አርባ አምስት ዲግሪ ማብራራት ጀመርሁ።

ሀብትነሽ ጣሳውን መሬት ላይ ቁጭ አደረገችው። ስትቆጣ ድምፅዋ ዝቅ ይላል፤ ያን ጊዜ ነው መፍራት።

«ከዛሬ ጀምሮ እዚህ ሜዳ ላይ መምከር የሚፈልግ ሁሉ መጀመሪያ አንገቱን ያሳየኛል። አመድ ያለበት ይናገር፤ የሌለበት ዝም ይበል። አያ ላቀው፣ እርስዎም ቢሆኑ።» ወደ እኔ ዞረች። «አንተም፣ መምህር።»

ሳላስበው አንገቴን ዳበስኩ።

«በል እንዳለው፣ ና» አለችው። «አንድ ጊዜ አስነካውና እንደ ልብህ ምከር።»

ብረቱን አንሥቶ እስከ ትከሻው አደረሰው። እዚያ ሲደርስ ቆመ። ንዴት መሰለኝ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ብረቱን ሣሩ ላይ ቀስ አድርጎ አስቀመጠና «ይቅርብኝ» ብሎ ሄደ። ለቡሬ የቀረው አሥራ ሁለት ቀን ነበር።

«ተይው ይሂድ፣ ትዕቢተኛ ነው» አልኳት።

«ትዕቢተኛ ቢሆን ወርውሮት ነበር የሚሄደው» አለች። «አስቀምጦት ሄደ እኮ። አላየህም?» አላየሁም ነበር።

በማግሥቱ ከክፍል ስንወጣ ይዛኝ ወደ መጋዘኑ ሄደች። ተሸካሚዎቹ አይሱዙ ላይ በቆሎ ይጭኑ ነበር። ሁሉም ኩንታሉን ማጅራታቸው ላይ አጋድመው ይሮጣሉ። እንዳለው ብቻ ግራ ትከሻው ጫፍ ላይ አድርጎ፣ ጭንቅላቱን አዘንብሎ፣ በቀኝ እጁ አንገቱን ሸፍኖ ይሄዳል። ሸክሙን በራሱ ላይ እጥፍ እንዳከበደው ያስታውቃል። ሀብትነሽ ሦስት ኩንታል እስኪጭን ድረስ አየችው። ከዚያ ጠራችው።

«አንገትህን ያምሃል እንዴ?»

«ኧረ አያመኝም።»

«ታዲያ ምን ሆኖብህ ነው?»

ወደ እኔ አየ፣ ወደ ጓደኞቹ አየ። ከዚያ የሸሚዙን ኮሌታ ገለጥ አደረገ። ማተብ ነው። እኛ አገር ማተብ ያላሰረ የለም፤ ስለዚህ ማንም አንገት ላይ አይቶት ልብ አይልም። የእንዳለው ግን ጠቁሮ የሳሳ ክር ነበር፤ በስተቀኙ በኩል ወፍራም፣ ቅጡ የጠፋ ቋጠሮ አለው።

«ካቻምና ልምምድ የጀመርሁ ሰሞን ብረቱ በጠሰብኝ» አለ። «መስቀሉን ሣር ውስጥ ስፈልግ መሸብኝ። እናቴ ናት መልሳ የቋጠረችልኝ። ዓይኗም ደክሞ ነበር፤ በዳበሳ ነው የቋጠረችው። ‹ሁለተኛ እንዳይበጠስብህ› አለችኝ። በዚያው ዓመት በፍልሰታ ጾም ዐረፈች።» ኮሌታውን መለሰ። «ብረቱ ወደዚህ ቋጠሮ ሲጠጋ እጄ እሺ አይለኝም። ውዳሴንም አርቂው ያልኋት የእሷም እንዳይበጠስ ብዬ ነው።»

«ለምን አልነገርኸኝም?»

«ማን ጠየቀኝ? እርስዎ አንገት ይላሉ። አልታዘዝም ከምል በቀር ምን ልበል?»

ሀብትነሽ አጠገቧ ያለ ኩንታል ላይ ተቀመጠች። እኔ አፈርሁ፤ ትዕቢተኛ ያልሁት እኔ ነኝና። እሷ ግን ከማፈርም አልፋ ፊቷ ልውጥ አለ።

«ሁለት ዓመት ሙሉ ስቆጣህ አንድ ቀን ለምን ብዬ አልጠየቅሁህም» አለች። «አጥፍቻለሁ።» ቀሚሷን አራግፋ ተነሣች። «ቋጠሮውን ፍታ አልልህም። አሎሎውን ልተው ብትለኝም አልሰማህም። ነገ አሥራ አንድ ሰዓት ሜዳ ላይ እጠብቅሃለሁ።»

በማግሥቱ ሜዳ ስንደርስ የሀብትነሽ የራሷ አገጭ በአመድ ነጥቷል። ደንቡን አውጥታ አንብባ ነበር፤ ብረቱ አንገትን ወይም አገጭን ይንካ ነው የሚለው። ለዓመታት ለሁሉም አንገት እያለች ያስተማረችው እሷን እንደዚያ ስላስተማሯት ነው። የእንዳለውን ክር ወደ ታች ሳብ አድርጋ ደረቱ ላይ በፕላስተር ለጠፈችለት፤ ቋጠሮው ካኒቴራው ሥር ገባ። ከዚያ ብረቱን ወደ ላይ ከፍ አድርጋ ከመንጋጭላው ሥር አስያዘችው።

«እዚህ ክር የለም» አለችው። «እዚህ እናትህን አንነካም።»

ቀላል ሆነ እንዳትሉኝ። ሁለት ዓመት የለመደ ክንድ በአንድ ማታ አይመለስም። በዓይን ግምት አሥራ ሦስት ሜትር ይወረውር የነበረ ሰው ስምንት ሜትር ላይ መጣል ጀመረ። ሕፃናት ሳይቀሩ ሳቁበት። ሁለት ጊዜ ጫማውን አንሥቶ ሊሄድ ተነሣ፤ ሁለቱንም ጊዜ ሀብትነሽ ከፊቱ ቆማ «እንደገና» አለችው። አያ ላቀው አፋቸውን ከፈት አድርገው ጣሳውን ሲያዩት መልሰው ይዘጋሉ። በስድስተኛው ቀን መንጋጭላው ላይ አመዱ ታየ። እኔም ለመጀመሪያ ጊዜ ሜትር ዘረጋሁለት፤ ዘጠኝ ከሰማንያ። ውዳሴ እልል አለች። በዐሥረኛው ቀን ዐሥራ አንድ ሜትርን አለፈ፣ ሀብትነሽም ስሙን ለቡሬ ላከች።

ቡሬ ላይ ሕዝቡ የአምናውን ረስቶት ይሆናል ብዬ ነበር። አልረሳም። እንዳለው መሬት ላይ የተሠመረው የመግፊያ ክብ ውስጥ ሲገባ «ወርውረው! ወርውረው!» ተባለ። ክንዱ ጩኸቱን ሰማና ወደ ኋላ ሄደ፤ ቀይ። በሁለተኛው በትክክል ገፍቶ እግሩ ከክቡ ወጣ፤ ቀይ። የቀረው አንድ ነው።

ወደ አጥሩ ሲመጣ ፊቱ አመድ መስሎ ነበር። ብዙ የምለው ነበረኝ፤ ምክሩ ጉሮሮዬ ላይ ደርሶ ነበር። አንገቴ ላይ ግን አመድ የለም። ሀብትነሽ ጣቷን ጣሳው ውስጥ ነከረችና ከመንጋጭላው ሥር አንዲት ነጥብ አኖረችለት።

«እዚህ» አለችው።

ተመልሶ ገባ። ጩኸቱ እንደገና ተነሣ። ብረቱን አንሥቶ ነጥቧ ላይ አሳረፈው፤ ያዘው፣ ቆየ፣ ተሽከረከረና ገፋው። እግሩ ክቡ ውስጥ ቀረ። ነጩ ባንዲራ ተነሣ፣ ሕዝቡ ጮኸ፣ የዳኞቹ ሜትር ተዘረጋ፤ ዐሥራ ሁለት ከዜሮ ስድስት፣ ሁለተኛ። ውዳሴ «ባሕር ዳር!» እያለች ትዘላለች። ሀብትነሽ ጣሳዋን ደረቷ ላይ አቅፋ ታለቅሳለች።

እንዳለው ግን ይህን ሁሉ አላየም። ብረቱ የት እንደ ወደቀ እንኳ ሳያይ እጁን ካኒቴራው ውስጥ ከትቶ ይዳብስ ነበር። ዳብሶ ሲጨርስ ወደ ሀብትነሽ መጣ።

«አልተበጠሰም» አላት።