የተደፋው የዳማ ሰሌዳ

ባለፈው እሑድ ልጄ ሰላም ከማታውቃቸው ሰዎች ጋር በስልኳ ጌም ትጫወት ነበር፤ ድምፁንም ለቃዋለች። አንዱ ተጫዋች የሌላውን አነጋገር እያስመሰለ «ገጠሬ፣ ሂድና ከብትህን ጠብቅ» አለው። ሌሎቹ አውካኩ። ሰላምም ሳቀች። ስቆጣት «አባዬ፣ እኔ እኮ ምንም አላልኩም፤ ሳቅኩ ብቻ» አለችኝ። ያኔ የአሶሳው የዳማ ሰሌዳ ትዝ አለኝ።

አሶሳ የተመደብኩት ክልሉ ገና አዲስ ሳለ ነው። ቢሮው ውስጥ ከወንበሩ ሠራተኛው ይበዛ ስለነበር፣ ምሳ ሰዓት ሁላችንም ወደ ሼህ ሙሳ ሻይ ቤት እንሸሻለን። እዚያ ማንጎው ሥር የዳማ ሰሌዳ አለ። በሚያዝያ የበሰለ ማንጎ ከላይ እየወደቀ ቆርኪዎቻችንን ይበትንብን ነበር። ዳማ ደግሞ ያለ ለከፋ አይጥምም፤ ተሸናፊ ይነሣል፣ አሸናፊ ይፎክራል። ለከፋውን አሁንም አልጠላውም።

አብዱልቃድር መዝገብ ቤት አብሮኝ የሚሠራ የበርታ ልጅ ነበር፤ ዝም ብሎ ተጫውቶ ዝም ብሎ የሚያሸንፍ። አንድ ቀን ሦስት ቆርኪ ባንዴ በላኝ። ከጎጃም የመጣሁት እኔ፣ ተምሬያለሁ ባዩ፣ «ከጫካ ወጥተህ ሳትጨርስ እኛን ልታስተምር ነው?» አልኩት። የከበበን ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። በገዛ አገሩ እኮ ነው! እንግዳው እኔ ነበርኩ። አብዱልቃድር የያዘውን ቆርኪ ቀስ አድርጎ አስቀመጠና ሄደ። በማግስቱ ቢሮ አልገባም። ሥራውን ሊለቅ ነው ተባለ።

ሼህ ሙሳ ሰሌዳውን ገልብጠው ደፉት። «አብዱልቃድር መጥቶ ካላነሣው ማንም አይነካም። ጨዋታውን ስደቡ፣ ሰውን አትስደቡ» አሉ። በሦስተኛው ቀን እነዚያው የሳቁት ሰዎች ዞረው እኔን «ሂድና ይቅርታ ጠይቅ፣ ጨዋታ አስቀረህብን» አሉኝ። የጎደለባቸው ጨዋታው እንጂ ሰውዬው አልነበረም። እስካሁን ያንገበግበኛል።

አብዱልቃድርን ቤቱ ቀርከሃ እየሰነጠቀ አጥሩን ሲጠግን አገኘሁት። ይቅርታዬን ሰምቶ ሲያበቃ ማንጎ አቀረበልኝ።

«አንተ ተሸነፍክ፣ ተናደድክ። እሱ ገባኝ፣ ወላሂ» አለ። «እነሱ የሳቁት ግን፣ እኔ ምን አደረኩ እነሱን?»

ሰኞ ሥራ ገባ፤ ሰሌዳውንም በገዛ እጁ አነሣው። ከእኔ በቀር ግን ከማንም ጋር ዳግመኛ አልተጫወተም። ከሳቁት አንድም ይቅርታ የጠየቀው የለም። ምን አጠፋን ብለው?

ይህን ነግሬያት የሰላምን ስልክ ጠረጴዛው ላይ ገልብጬ ደፋሁትና «ይቅርታ ሳትጠይቂ አይነሣም» አልኳት።

«አባዬ፣ ልጁን የት አገኘዋለሁ? ስሙን እንኳ አላውቅም።»

«ስትስቂበት የት አገኘሽው?»

ብዙ አኮረፈች። በኋላ ስልኩን አነሣችና ጌሙ ላይ ተጫዋቾቹ ሁሉ በሚያነቡት ቦታ «ስለሳቅኩ ይቅርታ» ብላ ጻፈች። አንዱ ወዲያው ተሳለቀባት፤ እሷ ግን የጻፈችውን አላጠፋችውም። አብዱልቃድር ማንጎው ሥር ቁጭ ብሎ ሲጠብቅ የኖረው ይህችኑ ሁለት ቃል ነበር።