አክስቴ አምቡላንስ ላይ

አክስቴ ፀጉር ቤት አላት። ሰኞ ሰኞ ግን ዘግታው በበጎ ፈቃድ አምቡላንስ ላይ ትሠራለች። እኔም ቃሬዛ እይዛለሁ። ወሬዋ አያልቅም። ሹፌሩ በዚያ ጎርናና ድምፁ "እትዬ በናትሽ፣ ሳይረኑ አልተሰማም እኮ!" ይላታል።

ባለፈው ሰኞ አንድ ግንበኛ ከፎቅ ወደቀ። አንገቱ እንዳይነቃነቅ አክስቴ ጭንቅላቱን በሁለት እጇ ይዛ ሄድን። ነርሷ "እንዳይተኛ አዋሪው!" አለቻት። ሰውዬው ዓይኑን ሲከድን ግን ያቺ ወሬኛ ምላሷ ተሳሰረ። "ወንድሜ! ኧረ ወንድሜ!" ብቻ። በቃ አለቀለት ብዬ ነበር።

ድንገት ፀጉሩን አየችው።

"ውይ በሞትኩት! ማነው እንዲህ የጨፈጨፈህ?"

ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። "ሚስቴ... ናት።"

"በምን? በማጭድ?"

"ኧረ... በመቀስ። አታስቂኝ፣ ጎኔን ያመኛል።"

ሹፌሩ ከፊት ሆኖ በሳቅ ፈረሰ። ነርሷ እፎይ አለች። ሆስፒታል እስክንደርስ አክስቴ ፀጉሩን ስትሰድብ፣ እሱ ለሚስቱ ሲከራከር ዓይኑን አልከደነም።

ዶክተሩ "ይተርፋል" ሲለን አክስቴ ግድግዳውን ተደግፋ "ተመስገን!" አለች። ሚስትየው እያለቀሰች ስትመጣም እቅፍ አድርጋ "አይዞሽ እህቴ፣ ደህና ነው" አለቻት። ስለ ፀጉሩ ትንፍሽ አላለችም።