ግራ እጅ ከላይ

እዚህ መካ፣ ዛሂር ሰፈር፣ አስፋልት ሲጠገን የጋለ ዘይትና የአሸዋ ሽታ በመስኮቴ ይገባና፣ አባቴ ከሥራ ተመልሶ ልብሱን የሚያወልቅ ይመስለኛል። ጅዳ ውስጥ ፈረንጆች በሚኖሩበት አንድ የታጠረ ግቢ የጎልፍ ሜዳ ይጠብቅ ነበር። ሣር ስላልነበረ ኳሷ በምትገባበት ጉድጓድ ዙሪያ ያለውን አሸዋ ዘይት እያጠጣ ያስተካክል ነበር፤ ሽታው በሳሙና አይለቅም ነበር።

ሙቀቱ በሚበረታበት ወራት፣ ጅዳ፣ ጃሚዓ ሰፈር በነበረችው አንድ ክፍላችን ሁለታችን ብቻ እንውል ነበር፤ እናቴ ተቀጥራ ከምትኖርበት ከማዳሟ ቤት የምትመጣው ዓርብ ዓርብ ነበር። ግራኝ ነበርኩ። ግድግዳው ላይ በግራዬ በከሰል ስስል አባቴ አይቶ ያልፈኝ ነበር።

ረመዳን ሲገባ ግን መካ፣ ጀርወል ሰፈር፣ ወደ ታላቅ እህቱ ወደ ዘይነባ እላክ ነበር። አክስቴ በአንድ የሐጃጆች ማረፊያ ቤት ታበስል ነበር። በቀኝ መብላት እንዳለብኝ አውቅ ነበር፣ እበላም ነበር፤ በዚያ ቂም የለኝም። እሷ ግን በግራዬ ስጠርግም፣ በር ስከፍትም ማየት አትፈልግም ነበርና፣ በአንዱ ዓመት ግራ እጄን በሻሽ ቁራጭ ከወገቤ ጋር አስራ፣ የጾሙን ወር ሙሉ በቀኜ ብቻ አሠራችኝ። «ያላ፣ አሁን እንደ ሰው ትሠሪያለሽ» ትለኝ ነበር። የእንግዶቹ ልጆች «ባለ አንድ እጇ» እያሉ ሲስቁብኝ አብራ ትስቅ ነበር። ይህን እኔ ካልጻፍኩት የሚጽፈው የለም።

በዚያው ዓመት ብርዱ ሲገባ፣ ግራ እጄን ከጀርባዬ መደበቅ ልማድ ሆኖብኝ ነበር። አባቴ ይህን አየና፣ አንድ ፈረንጅ የጣለውን የጎልፍ ዱላ ይዞ መጥቶ ጣሪያው ላይ አወጣኝ።

«ግራሽ ይቅደም» አለኝ። «እጀታውን መዳፍሽ ላይ ሳይሆን ጣቶችሽ ሥር አሳርፊው። አውራ ጣትሽን ወደ ታች ዘርጊ። አሁን ቀኝሽ ከታች ይምጣና የግራሽን አውራ ጣት ያልብሰው።»

«ቀኝ ከታች ነው እንዴ አባዬ?»

«እዚህ አለቃው ግራ ነው።»

በኃይል ስጨብጠው ሳቀ። «ልታንቂው ነው? በካዕባ ዙሪያ፣ በጠዋፍ ግፊያ መሃል የአሮጊት እጅ እንደምትይዢ ያዢው። አትልቀቂ፣ አትጨምቂ።»

ከዚያ ወዲህ ወደ ማምሻው፣ ከዐስር ሶላት በኋላ እየወጣን፣ የተጠቀለለ ካልሲ ኳስ አድርገን እንመታ ነበር። እጄም ከጀርባዬ ወጣ።

አንድ ቀን አክስቴ ልትጠይቀን መጥታ ሳቃችንን ሰምታ ጣሪያው ላይ ወጣች።

«ወር ሙሉ የለፋሁበትን እጅ አንተ ከላይ ታወጣዋለህ?» አለችው።

ዱላው እንዲህ ነው የሚያዘው እንዲላት ጠበቅኩ። እሱ ግን ዓይኔን እንኳ ሳያይ፣ «ኸላስ፣ በቃ እትዬ» ብሎ ዱላውን ከእጄ ወስዶ በማግስቱ ወደ ግቢው መለሰው። ከሻሹ ይልቅ ያቺ «ኸላስ» አመመችኝ።

ዛሬ ጅዳ ውስጥ ሴቶች ልጆች ጎልፍ ሲጫወቱ በስልኬ አያለሁ። ዓይኔ ኳሷን ትቶ እጃቸው ላይ ያርፋል፤ ግራቸው ከላይ ነው፣ ማንም አላሰረውም። አባቴ የለም። አክስቴ አለች፣ ዓይኗ ግን ደክሟል፤ ዘንድሮ ጠዋፍ የሚያስዞራት ሰው ስታጣ ወደ እኔ ላከች። ሄድኩ። ግፊያው ውስጥ ስንገባ በግራ እጄ ያዝኳት፣ እሷም ጣቶቼን ዳሰሰች።

«ግራሽ ነው?»

«ግራዬ ነው አክስቴ። ልልቀቅሽ?»

አጥብቃ ያዘችኝ። ይቅር አላልኳትም። እስክንጨርስ ድረስ ግን እንደተማርኩት ይዣት ዞርኩ፤ አልለቀቅኳትም፣ አልጨመቅኳትም።