እናቴ ያልጠራችው ስም

አንድን ነገር ነጥብ በነጥብ አስረድታችሁ፣ አድማጫችሁ ዝም ሲል እንዳሸነፋችሁ ቆጥራችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ቆጥሬያለሁ፤ ያውም በእናቴ ላይ።

ሴት ልጅ ስትወለድልኝ ሐይቅ ከተማ አስተማሪ ከሆንኩ ሁለተኛ ዓመቴ ነበር። በእኛ ቤት የመጀመሪያዋን የልጅ ልጅ ስም የምታወጣው አያት ናት፤ ስሙም በሰባተኛው ቀን፣ የአቂቃው በግ ሲታረድ ይነገራል። እናቴ ለዚሁ ብላ ከአምባሰል ወረደች። እኔ ግን ቀድሜ ቀበሌ አስመዝግቤ፣ የልደት ምስክር ወረቀቱን ላሚኔት አስደርጌ ግድግዳ ላይ ሰቅዬ ነበር።

"መዲና ብያታለሁ" አለች፣ ሕፃኗን እንደታቀፈች።

"ሂክማ ተብላለች እኮ፣ እማ" አልኳትና ማስረዳት ጀመርኩ። ቃሉ ዐረብኛ እንደሆነ፣ ጥበብ ማለት እንደሆነ፣ ከማስተምራቸው ልጆች ስድስቱ በዚህ ስም እንደሚጠሩ፣ መዲና የምትባል ግን አንዲትም እንደሌለች። "የድሮ ስም ነው፤ ትምህርት ቤት ይስቁባታል።"

"ጥበብ ነው ያልከኝ?"

"አዎ።"

"እንዲያ ከሆነስ ላንተ ቢወጣልህ ይሻል ነበር።"

አራስ ጥየቃ የመጡት ሴቶች ሳቁ፤ እኔም ሳቅሁ። እሷ አልሳቀችም። ሕፃኗን ለሚስቴ መለሰችና "አላህ ያሳድጋት" አለች።

ከዚያ በኋላ እናቴ ሦስት ዓመት ኖረች። በስልክ "ልጅቱ ደኅና ናት?" ትለኛለች። ስትመጣም "ነይ አንቺ ልጅ" ነው። አንድ ቀን እንኳ ሂክማ ብላ አልጠራቻትም። ኩርፊያ ነው፣ ይለፍላታል እያልኩ ተውኩት።

ለቅሶዋ ላይ አክስቴ ነገረችኝ። ከእኔ በፊት የተወለደች እህት ነበረችኝ፤ በአራት ዓመቷ ኩፍኝ ገደላት። ስሟ መዲና ነበር። እናቴ ከቀበረቻት ወዲህ ያን ስም ጮክ ብላ ጠርታው አታውቅም። "የልጄ ልጅ ስትመጣልኝ ደጅ ወጥቼ እጣራበታለሁ" ትል ነበር አለችኝ።

ልጄ ዘንድሮ መዋዕለ ሕፃናት ገብታለች። ክፍሏ ውስጥ አራት ሂክማዎች ስላሉ አስተማሪዋ "ሂክማ ሦስት" እያለች ነው የምትጠራት። ወረቀቱ አሁንም ግድግዳው ላይ አለ፤ ላሚኔቱ ምንም አልሆነም።

እናታችሁ በሕይወት ካለች አንድ ነገር ልለምናችሁ። ልጅ ሲወለድላችሁ የስም ትርጉም ከመፈለጋችሁ በፊት አጠገቧ ቁጭ በሉና "ልታወጪ ባሰብሽው ስም ማንን ትጠሪ ነበር?" ብላችሁ ጠይቋት። ከዚያ ምንም አታስረዱ፤ ዝም ብላችሁ ስሟት።